ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ሴኡል
ብቻውን አገር ለማየት ለሚነሣ ተማሪ

በአገራችን ሰው ከቤቱ ርቆ የሚሄደው ምክንያት ሲኖረው ነው። ለትምህርት፣ ለንግድ፣ ለሕክምና፣ ለመሳለም ወይም እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዘመድም ምክንያቱን ሰምቶ መርቆ ይሸኘዋል። «አገር ለማየት ነው፤ የምሄደውም ለብቻዬ ነው» የሚል ወጣት ግን ሁለት ጊዜ ይመረመራል፤ መጀመሪያ በእናቱ ፊት፣ ቀጥሎም በኤምባሲ መስኮት። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እዚያ ምን ልትሠራ?» የሚል ነው። የእናት ጥያቄ በምርቃት ያልቃል። የኤምባሲው ግን አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ፓስፖርቱን ባዶውን ይመልሰዋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው፣ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያለው ጕዞ እንዴት እንደሚሰናዳ ለጓደኞቻችን ለማስረዳት ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ከተማ የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል ነው። (ስሙን በስልክ የሰማች እናት «ሲኦል» መስሏት ብታማትብ አይፈረድባትም።) ስለ ቶኪዮ ወይም ስለ ባንኮክ መጻፍ በቻልን ነበር፤ ስለ ጃፓንማ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. ደርሰው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። ነገር ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮንና በዙሪያው ለምንኖር ተማሪዎች የሴኡል መንገድ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ እዚሁ በየካ፣ ኮሪያ ሠፈር የሚባል መንደር አለን። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰሜን ኮሪያ ጦር በሰኔ 1942 ዓ. ም. ደቡቡን በወረረ ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት ላቀረበው ጥሪ ኢትዮጵያ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር በመላክ መልስ ሰጠች። ጦሩም ቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ ቃኘው የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኰሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል በመርከብ ተጕዞ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ሻለቆቹ እየተተካኩ፣ በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ኮሪያ ዘመቱ። ከእነርሱ መካከል ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። የሞቱትንም ጓደኞቻቸው እዚያ አልተዉአቸውም፤ ዐፅማቸው ተመልሶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ኮሪያ ሠፈር ከዘመቻ የተመለሱት ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው የሰፈሩበት ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለ ተወዳጀ፣ ዘማቾቹ ታሪካቸውን በአደባባይ የሚናገሩበት ጊዜ አልነበረም። ሜዳይ በሣጥን ተቀመጠ፤ ወሬውም በቤት ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ወደ ሴኡል መሄድ የሚያስብ ሰው ካርታ ከመግዛቱ አስቀድሞ በእግሩ ወደ ኮሪያ ሠፈር ቢወጣ እንመክራለን። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘማቾች እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ከ90 ዓመት በላይ ያለፋቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ የሚቸኰል ነገር ነው። በር አንኳኩቶ «ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» ማለት አይገባም፤ የሠፈሩን ልጅ ወይም የልጅ ልጃቸውን አስቀድሞ አማላጅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ወደ ኮሪያ ልሄድ አስቤ ምክርዎን ልጠይቅ መጣሁ» ማለት ይሻላል። ሽማግሌ ምክር ሲጠየቅ ይናገራል፤ ታሪክ ሲጠየቅ ግን ይደክመዋል። የሚነግሩትን የቦታ ስም፣ እርሳቸው እንደሚጠሩት አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ህዋቾን፣ ቾርዎን፣ ቹንቾን የሚሉት ስሞች በእኛ አፍ ተለውጠው ሊሰሙ ይችላሉና፣ በኋላ ከካርታ ጋር ማስተያየቱ ራሱ ጥሩ ጨዋታ ነው። እዚህ እያለንም የሚታይ አለ፤ በአፍንጮ በር ለኮሪያ ዘማቾች የቆመው መታሰቢያ ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስበት ነው።

አንዳንዱ ጓደኛችን «ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ሽርሽርን በታሪክ ትምህርት ለመለወጥ አንፈልግም፤ መብራት ለማየት፣ ዘፈን ለመስማት፣ ዝም ብሎ በማያውቁት መንገድ ለመዞር መሄድ ነውር አይደለም። ግን ብቻውን የሚጓዝ ሰው ትልቁ ጠላቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚመጣው መሰልቸት ነው። ከሌላ ሰው ጋር የሚሄድ ሰው ጨዋታው ከጎኑ አለ፤ ብቻውን የሚሄድ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ይዞ መሄድ አለበት። አንድ ሽማግሌ የነገሩትን ኮረብታ መፈለግ ከዚህ ያድናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኢትዮጵያዊ ወደ ኮሪያ ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። የሚጠየቀውም ለአጭር ጊዜ ጕብኝት የሚሰጠው፣ ከ90 ቀን የማይበልጠው ቪዛ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበው ጽሑፍ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ለማስረዳት ነው፤ ወጪውን የሚችል መሆኑንና የሚመለስ መሆኑን። ስለ መጀመሪያው የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚሠሩት ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከዘመድ ብር ተበድረው ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በሒሳባቸው ማስገባት ነው። የኤምባሲ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ድምር ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የመጣበትን መንገድም ነው፤ በአንድ ቀን የወደቀ ገንዘብ ከባዶ ሒሳብ ይልቅ ያስጠረጥራል። ወጪውን የሚሸፍነው አባት ወይም አጎት ከሆነ፣ በእርሱ ስም፣ በእርሱ ሒሳብና በእርሱ ፊርማ በግልጽ ማቅረብ ይሻላል።

ስለ ሁለተኛው ደግሞ የተማሪነት ማስረጃ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ደብዳቤ ተማሪው ስንተኛ ዓመት እንደ ሆነና ትምህርት መቼ እንደሚጀመር የሚገልጽ ይሁን። የመመለሻው ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ደብዳቤው ብቻውን ይሟገትለታል። ከዚህ ቀጥሎ የየቀኑ ዕቅድ ይመጣል። ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን ከዚህ ቀደም ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ኤምባሲውን አንጠራም። በማመልከቻው ላይ «ከተማውን ለመጐብኘት» ከሚለው ቃል በቀር ምንም አልነበረም። «ማክሰኞ በዮንግሳን የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም፤ ረቡዕ በባቡር ወደ ቹንቾን፤ ምክንያቱም የሠፈሬ ሽማግሌዎች በዚያ አውራጃ ስለ ተዋጉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን በውሸት ሊጻፍ የማይችል ነገር ጽፏል። ቪዛው በእርግጥ ይሰጠዋል ለማለት ግን አንችልም። ቪዛ በእጅ ሳይገባም የአይሮፕላን ትኬት መክፈል አይገባም፤ ቦታ አስይዞ መቆየት ይበቃል።

አንድ መራራ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳንናገረው ብናልፍ አንባቢን እንደ መደለል ይቈጠርብናል። ከእኛ አስቀድመው ለጕብኝት ብለው ሄደው የቀሩ ወገኖች አሉ። ለምን እንደ ቀሩ እናውቃለን፤ ልንፈርድባቸውም አንፈልግም። ነገር ግን የመጪው ተማሪ ማመልከቻ በእነርሱ ጥላ ሥር ይነበባል። በቦሌም ሲወጡ፣ በኢንቾንም ሲገቡ ጥያቄ ይኖራል፤ ቪዛ ያለው ሰው እንኳ በኢንቾን በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃውን፣ የመመለሻውን ትኬት፣ ያደሩበትን ቤት አድራሻና ዕቅዱን በወረቀት አትሞ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ሲጠየቁም አጭርና እውነተኛ መልስ መስጠት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ መቈጣት አያዋጣም፤ ቁጣው ተገቢ ቢሆንም እንኳ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ይህ ጕዞ በዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ለሚያድረው ለአብዛኛው ተማሪ ዛሬ የሚቻል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ትኬቱም በዚያው ልክ ከብዷል። ታዲያ ለምን እንጽፋለን? ከመካከላችን ማታ እየሠራ የሚማር አለ፤ ዘመዱ የሚረዳው አለ፤ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ቆጥቦ የሚሄድ አለ። በኮሪያ መንግሥት የትምህርት ዕድል የሚሄድም አለ፤ ለእርሱ ከተማውን ማየት በበዓል ቀን የሚደረግ ሽርሽር ነው። ለማንኛውም ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ትኬቱን ይዞ ባንክ የሚሄድ መንገደኛ በሕጋዊው መንገድ ምንዛሪ መጠየቅ ይችላል። በጓሮ የሚገዛው ዶላር ሐሰተኛ ቢሆን ለማን አቤት ይባላል?

ጊዜውን መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። የእኛ ዕረፍት በክረምት ነው፤ የሴኡልም ዋና ዝናም ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ጀምሮ በሐምሌ ይወርዳል። ነገር ግን የእነርሱ ክረምት እንደ እንጦጦ ክረምት ጋቢ የሚያስለብስ አይደለም፤ ዝናሙ ከወበቅ ጋር ነው፤ ልብስ በገላ ላይ ይጣበቃል። በጥር ደግሞ ብርዱ ውኃ ያረጋል፤ ሽማግሌዎቻችን ከጥይቱ ይልቅ ብርዱን የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩው ወራት ዛፉ የሚያብብበት ሚያዝያና ቅጠሉ የሚቀላበት ጥቅምት ነው። ተማሪ እነዚህን ማግኘት ካልቻለ ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጕሜን ከሐምሌ ይሻላል።

ስለ ሰዓት አንድ የሚያስደስት ነገር እንንገራችሁ። ሴኡል ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድማል። እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለ ሆነ፣ ቈጠራችን ከፈረንጅ ቈጠራ በ6 ይለያል። ሁለቱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉ። ስለዚህ በሐበሻ አቈጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ሴኡል ሲደርስ ሰዓቱን መንካት አያስፈልገውም! እዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ በእነርሱ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። እናት ቤት ስትደውሉም ቍጥሩ ያው ነው፤ ቀኑና ሌሊቱ ብቻ ይፈራረቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2005 ዓ. ም. ጀምሮ ወደ ሴኡል ይበርራል፤ ቀጥታው በረራ ወደ 11 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሻንጣ ሲሞላ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ነው። አንደኛው፣ ጫት በኮሪያ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቈጠራል፤ ለሌላ ሰው አደራ የተባለ ዕቃ ሳይፈቱ መቀበል ዕድሜን በወህኒ ማሳለፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቋንጣና ማናቸውም ሥጋ ነክ ነገር በጕምሩክ አይገባም። የተቆላ ቡና ግን ይዞ መሄድ ጥሩ ስጦታ ነው።

ከኢንቾን አይሮፕላን ጣቢያ እስከ ሴኡል ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። በከተማው ውስጥ ከምድር በታች የሚሄደው ባቡር ለሁሉም ይበቃል፤ ለአውቶቡሱም ለባቡሩም የሚያገለግለውን የመንገድ ካርድ ገዝቶ ገንዘብ መሙላት ነው። ባቡሩ በእኩለ ሌሊት ግድም ይቆማልና ማታ የሚያመሽ ሰው ይህን አይርሳ። በስልክ ላይ የለመድነው ካርታ እዚያ የእግር መንገድን በደንብ አይመራም፤ የአገሩን ሰዎች ካርታ ማውረድ ያስፈልጋል። ፊደላቸውንም በአንድ ሳምንት መማር ይቻላል። ንጉሥ ሴጆንግ በ15ኛው መቶ ዓመት ያስወጡት ይህ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቤት ያኖራል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላደገ ልጅ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የጣቢያ ስም አንብቦ መውረድ ለብቸኛ መንገደኛ ትልቅ ኵራት ነው።

ለእኅቶቻችን ለብቻው የምንለው አለ። ሴኡል ለሴት መንገደኛ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ ጸጥታ ያለበት ነው፤ በእንግዳ ማረፊያዎችም የሴቶች ብቻ የሆነ ክፍል ይገኛል። ፖሊስ በ112፣ አምቡላንስ በ119 ይጠራል፤ በ1330 ደግሞ መንገደኛ በእንግሊዝኛ ጭምር ምክር ያገኛል። ኤምባሲያችንም በከተማው አለ። እነዚህን ቍጥሮች ጽፎ ለቤተ ሰብ መተው፣ «ብቻዋን?» ለሚለው ጥያቄ ከክርክር የተሻለ መልስ ነው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎ ላደገ ሰው ደግሞ የምግቡ ነገር ከባድ ነው። በእሳት ላይ ሥጋ የሚጠበስባቸው ብዙ ምግብ ቤቶች ከሁለት ሰው በታች አያስተናግዱም፤ ስለዚህ ብቸኛው ሰው ወደ ሾርባና ሩዝ ቤት ይሂድ። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለው ኪምባፕ ርካሽና ምቹ ነው። የአሳማ ሥጋ በብዙ ምግብ ውስጥ ይገባልና፣ «ዱዌጂ» የሚለውን ቃል ማወቅ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ይጠቅማል። እስላም ወንድሞቻችን በኢቴዎን ባለው በ1968 ዓ. ም. በተከፈተው መስጊድ ዙሪያ ሐላል ምግብ ያገኛሉ። ጿሚ ደግሞ የቡድሃ ገዳማት ምግብ ያዋጣዋል፤ ሥጋም እንቍላልም የለበትም። ኪምቺ የሚሉት የጎመን ዳጣ ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባበታል። «ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለው ክርክራችን እስከ ሴኡል ይከተለን ማለት ነው።

የሚታየው ብዙ ነው፤ ስለ ቤተ መንግሥቶቹና ስለ ገበያዎቹ ማንም ይነግራችኋልና እንለፋቸው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ለሄደ ሰው ግን ቾንግዬቾን የተባለውን ወንዝ ማየት ግዴታ ይመስለናል። ይህ ወንዝ በከተማው መካከል ቆሽሾ ስለ ነበር በሲሚንቶ ከደኑት፤ በላዩም የመኪና መንገድ ሠሩበት። በኋላ መንገዱን አፍርሰው በ1998 ዓ. ም. ወንዙን ከፈቱት፤ ዛሬ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ያህል በዳሩ በእግር ይኬዳል። ከእንጦጦ ወርዶ በሠፈራችን በኩል የሚያልፈውን ቀበናን እያሰቡ መሄድ ነው። ነገር ግን ቶሎ ብሎ መደነቅ አይገባም፤ በቾንግዬቾን የሚፈሰው ውኃ በብዛት ከሃን ወንዝ በመሣሪያ እየተሳበ የሚለቀቅ ነው። ቀበና ግን ምንጭ አለው። ለተራራ ወዳጅም ቡክሃንሳን አለ። ጫፉ 836 ሜትር ነው፤ ሠፈራችን ራሱ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ትንፋሻችን እዚያ አያጥርም። ድንጋዩ ግን ቀጥ ያለ ነውና ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል።

በዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም በነጻ ይገባል፤ ሰኞ ዝግ ነው። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የሞቱት ወታደሮች ስም በየአገራቸው ተቀርጾ ይገኛል። ኢትዮጵያ የሚለውን ፈልጎ ስሞቹን በላቲን ፊደል ማንበብ ጥቂት ያስቸግራል፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይረዳል። ከሠፈር ሽማግሌ የሟች ጓደኛቸውን ስም ተቀብሎ የሄደ ሰው እዚያ ሊያገኘው ይችላል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢመጣ ለሽማግሌው የሚበልጥ ስጦታ አናውቅም።

ከዚያ አንዱን ቀን ለቹንቾን መስጠት ነው። ከዮንግሳን ወይም ከቾንግኛንግኒ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያደርሳል። ከተማው ከ1996 ዓ. ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ እኅት ከተማ ነው። በውኃው ዳር ለቃኘው የቆመውን ሐውልት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ. ም. ራሳቸው ተገኝተው መርቀውታል፤ ከአጠገቡም በ1999 ዓ. ም. የተከፈተው ሙዚየም ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ክብ ሆኖ ተሠርቷል። በዚያው አካባቢ ከ1961 ዓ. ም. ጀምሮ የኢትዮጵያን ቡና እያፈላ የኖረ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ሦስተኛውን ሲኒ አይጠብቁ፤ በአንድ ኩባያ ነው የሚቀርበው። ቅዳሜና እሑድ የሴኡል ሰው ወደ ቹንቾን ስለሚጎርፍ የመመለሻውን ባቡር ወንበር ጧት ሲወርዱ እዚያው ጣቢያ ማስያዝ ያስፈልጋል።